የመርሳት በሽታ (ዲሜንሺያ)፦ መንስኤዎቹ እና ለታማሚው የሚደረግ እንክብካቤ

የመርሳት በሽታ ወይም ዲሜንሺያ የአንድ በሽታ ስም አይደለም። የማስታወስ፣ የማሰብ፣ የመናገር፣ የማመዛዘን እና ነገሮችን በቅደም ተከተል የማከናወን ችሎታ እየቀነሰ ሄዶ የዕለት ተዕለት ኑሮን ማወክ ሲጀምር የሚሰጥ የጋራ መጠሪያ ነው። ከጀርባው የተለያዩ የአንጎል በሽታዎች አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በዓለም ላይ ከ55 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከዚህ ችግር ጋር ይኖራሉ፤ በየዓመቱም ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጉ አዳዲስ ታማሚዎች ይጨመራሉ።

በእኛ ማኅበረሰብ ችግሩ ብዙ ጊዜ "ጃጅተዋል"፣ "ዕድሜ ነው" ተብሎ ይታለፋል። አንዳንዴም ከመተት ወይም ከእርግማን ጋር ይያያዛል። ይህ አመለካከት ሁለት ጉዳት አለው። አንደኛ፣ በህክምና ሊስተካከል የሚችል መርሳት ሳይታከም ይቀራል። ሁለተኛ፣ ቤተሰብ የበሽታውን ምልክት እንደ ክፋት ወይም እንደ እልህ ቆጥሮ ከታማሚው ጋር ይጋጫል። ዕድሜ ለበሽታው ያለውን ተጋላጭነት ይጨምራል፤ ነገር ግን ዲሜንሺያ የእርጅና ተፈጥሯዊ ውጤት አይደለም። ሰማንያና ዘጠና ዓመት ሞልቷቸው አእምሯቸው ንቁ የሆነ ብዙ አረጋውያን አሉ።

ተራ መርሳት ነው ወይስ በሽታ?

ዕድሜ ሲገፋ አእምሮ ትንሽ ዘገም ማለቱ የተለመደ ነው። የሰው ስም ጠፍቶብን ከቆየን በኋላ ትዝ ቢለን፣ መነጽራችንን ያስቀመጥንበትን ቦታ ረስተን ፈልገን ብናገኘው የሚያሳስብ አይደለም። ልዩነቱ የሚታየው ለብዙ ዓመታት ያለ ችግር ይሠሩት የነበረው ሥራ መበላሸት ሲጀምር ነው። ዕድሜ ልካቸውን ቡና ያፈሉ እናት ቡናው ሳይወቀጥ ጀበናውን እሳት ላይ ቢጥዱ፣ ወይም አባት ከሚያዘወትሩበት ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ሲመለሱ መንገድ ቢጠፋባቸው ይህ ተራ መርሳት አይደለም።

ትኩረት የሚሹ ምልክቶች፦

• አንድን ጥያቄ ወይም ወሬ በደቂቃዎች ልዩነት ደጋግሞ ማንሳት
• የቅርብ ጊዜ ነገር መርሳት፤ የልጅነት ነገር ግን በደንብ ማስታወስ
• የሚታወቅ ዕቃን ስም ማጣት፣ ንግግር መሐል መቆም
• ገንዘብ መቁጠርና ሒሳብ ማወራረድ ማቃት፣ ሁለት ጊዜ መክፈል
• ቀኑን፣ ወቅቱን ወይም ያሉበትን ቦታ መሳት
• ዕቃን በማይሆን ቦታ አስቀምጦ "ተሰረቅሁ" ማለት
• የጠባይ መለወጥ፦ መጠራጠር፣ ቁጣ፣ ግድየለሽነት፣ ከሰው መራቅ

በሽታው በአብዛኛው በዓመታት ውስጥ ነው የሚባባሰው። በመጀመሪያው ደረጃ ታማሚው ትንሽ እገዛ ብቻ ይበቃዋል። በመካከለኛው ደረጃ ለመልበስ፣ ለመታጠብና ከቤት ለመውጣት ሰው ያስፈልገዋል። በመጨረሻው ደረጃ ቤተሰቡን ላይለይ፣ መዋጥ ሊቸግረው፣ ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር ሊያቅተው ይችላል።

ግራ መጋባቱ ድንገት ከመጣ

ትናንት ደህና የነበሩ አረጋዊ ዛሬ መቃዠት፣ መቀባጠር፣ ሰው አለመለየት ወይም ከወትሮው በተለየ ማንቀላፋት ከጀመሩ ይህ የዲሜንሺያ ባህርይ አይደለም። ድንገተኛ የአእምሮ መዛባት (ዴሊሪየም) ይባላል፤ አስቸኳይ ህክምናም ይፈልጋል። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የሳንባ ምች፣ ወባ፣ የሰውነት ፈሳሽ ማነስ፣ የስኳር መጠን መውረድ ወይም መውጣት፣ የመድኃኒት ጉዳት እና ስትሮክ ሊያመጡት ይችላሉ። በአረጋውያን ላይ ከባድ ኢንፌክሽን ያለ ትኩሳት ሊመጣ ስለሚችል "ትኩሳት የላቸውም" ብሎ መዘናጋት አይገባም። ዲሜንሺያ ያለባቸው ሰዎችም ላይ ይህ ሊደረብ ይችላል፤ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ በጣም ከባሰባቸው በሽታው የተራመደ ሳይሆን ሌላ ሕመም የተጨመረ ሊሆን ይችላል።

ዋና ዋና መንስኤዎች

አልዛይመር፦ ከሁሉም የሚበዛው ዓይነት ሲሆን ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነውን ድርሻ ይይዛል። ስሙን ያገኘው በ1906 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያዋን ታማሚ የአንጎል ለውጥ ካቀረበው ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር ነው። አሚሎይድ እና ታው የሚባሉ ፕሮቲኖች በአንጎል ውስጥ ተከማችተው ሕዋሳቱን ይጎዳሉ። ጉዳቱ ቀድሞ የሚደርሰው አዲስ ነገር በሚመዘገብበት የአንጎል ክፍል ላይ ነው። ስለዚህ ታማሚው ዛሬ ምሳ መብላቱን ረስቶ የሠርጉን ቀን በዝርዝር ሊያወራ ይችላል። "የሚፈልገውን ብቻ ነው የሚያስታውሰው" የሚለው ወቀሳ ስህተት የሚሆነው ለዚህ ነው።

በደም ሥር ችግር የሚመጣ፦ የደም ግፊት፣ ስኳር እና ሲጋራ የአንጎልን ደም ሥሮች ሲያጠቡ ወይም ሲዘጉ ይከሰታል። ከስትሮክ በኋላ ወይም ሳይታወቁ ከሚያልፉ ትናንሽ ስትሮኮች ይመጣል። አንዳንዴ ደረጃ እንደ መውረድ ነው፤ ታማሚው ለጥቂት ጊዜ ባለበት ይቆይና ድንገት ይብስበታል። የደም ግፊት መድኃኒት ማቋረጥ በዚህ ዓይነት ላይ ከባድ ዋጋ ያስከፍላል።

የሌዊ ቦዲ ዓይነት፦ የሌለ ሰው ወይም እንስሳ ማየት፣ የሰውነት መገተርና መንቀጥቀጥ፣ አንድ ቀን ንቁ ሌላ ቀን ፈዛዛ መሆን፣ በእንቅልፍ ላይ መወራጨት መለያዎቹ ናቸው። እንደ ሃሎፔሪዶል ያሉ የአእምሮ ህመም መድኃኒቶች እነዚህን ታማሚዎች ክፉኛ ሊጎዱ ስለሚችሉ ምልክቶቹን ካዩ መድኃኒት ከመታዘዙ በፊት ለሐኪሙ ይንገሩ።

የፊትና የጎን አንጎል ዓይነት (ፍሮንቶቴምፖራል)፦ ብዙ ጊዜ ከ45 እስከ 65 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል። ከመርሳት ይልቅ ጠባይን ወይም ንግግርን ነው ቀድሞ የሚነካው። ጨዋ የነበረ ሰው ይሉኝታ ያጣል፣ ገንዘብ ይበትናል፣ ለቤተሰቡ ደንታ ቢስ ይሆናል። በትዳር ጠብ ወይም በስካር ሲሳበብ ይቆያል።

በአንድ ሰው ላይ ሁለት ዓይነት በአንድነት መገኘትም የተለመደ ነው፤ በተለይ አልዛይመር እና የደም ሥር ችግር።

ሊታከሙ የሚችሉ መንስኤዎች

እያንዳንዱ ታማሚ ቢያንስ አንድ ጊዜ በሐኪም መታየት ያለበት በዋናነት ለእነዚህ ነው፦

• የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፦ የእንስሳት ተዋጽኦ ለረጅም ጊዜ በማይመገቡ፣ የጨጓራ ችግር ባለባቸው እና ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር መድኃኒት ለዓመታት በሚወስዱ ሰዎች ላይ ይታያል።
• የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ፦ ድካም፣ ብርድ አለመቻል፣ የሆድ ድርቀት እና የሐሳብ መዘግየት ያመጣል።
• ድብርት፦ የትዳር ጓደኛ ወይም ልጅ ከሞተ በኋላ አረጋውያን ዝም ሲሉ፣ ምግብ ሲተዉና ሲረሱ ዲሜንሺያ ሊመስል ይችላል።
• በጭንቅላት ውስጥ ደም መቋጠር፦ ከወደቁ ሳምንታት በኋላ ራስ ምታትና ግራ መጋባት ይመጣል። አወዳደቁ ቀላል ሊሆን ስለሚችል ይረሳል። በቀዶ ህክምና ሊወገድ ይችላል።
• በአንጎል ውስጥ ፈሳሽ መጠራቀም፦ እግርን ከመሬት ማንሳት እንደከበደው ሰው መራመድ፣ ሽንት ማምለጥ እና መርሳት በአንድነት ሲታዩ ይጠረጠራል።
• ኢንፌክሽኖች፦ ኤችአይቪ እና ያልታከመ ቂጥኝ አንጎልን ሊጎዱ ይችላሉ። አረጋዊ በመሆናቸው ብቻ ምርመራው መቅረት የለበትም።
• መድኃኒቶች፦ እንደ ዳያዜፓም ያሉ የእንቅልፍና የጭንቀት መድኃኒቶች፣ አሚትሪፕቲሊን፣ እንዲሁም ለጉንፋንና ለአለርጂ ያለ ማዘዣ የሚገዙ እንደ ክሎርፌኒራሚን ያሉ የሚያስተኙ መድኃኒቶች መርሳትን ያባብሳሉ።
• አልኮል አብዝቶ መጠጣት እና አብሮት የሚመጣው የቫይታሚን ቢ1 እጥረት።

የመስማትና የማየት ችግርም መታየት አለበት። በዓይን ሞራ ምክንያት ሰው የማይለዩ ወይም የማይሰሙ አረጋዊ ሳይረሱ የረሱ ሊመስሉ ይችላሉ።

ምርመራው ምን ይመስላል?

ዲሜንሺያን በአንድ የደም ምርመራ ወይም በአንድ ራጅ ብቻ ማወቅ አይቻልም። ዋናው መረጃ የሚገኘው አብሯቸው ከሚኖር ሰው ነው። ወደ ህክምና ሲሄዱ ቀን በቀን የሚያያቸው ሰው አብሮ ይሂድ። ችግሩ መቼና በምን እንደጀመረ፣ ከዚያ ወዲህ ምን እንደተለወጠ ጽፈው ይያዙ። የባህል መድኃኒት ጨምሮ የሚወስዱትን ሁሉ በአንድ ላስቲክ ከተው ይውሰዱ። ሐኪሙ አካላዊ ምርመራ ያደርጋል፤ የደም ማነስ፣ የስኳር፣ የኩላሊት፣ የታይሮይድ፣ የቢ12፣ የኤችአይቪ እና የቂጥኝ ምርመራ ሊያዝ ይችላል። እንደ ሁኔታው የጭንቅላት ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ ይታከላል።

የማስታወስ ችሎታ ፈተናዎች ብዙዎቹ ፊደል ለቆጠረ ሰው የተዘጋጁ ናቸው። ትምህርት ቤት ያልገቡ እናት መጻፍ ወይም ወደኋላ መቁጠር ባይችሉ በሽታ አለባቸው ማለት አይደለም። የትምህርት ደረጃቸውን ለሐኪሙ ይንገሩ። ስለ በዓላት፣ ስለ ገበያ ቀን፣ ስለ ጎረቤትና ስለ ልጅ ልጆች መጠየቅ የተሻለ መረጃ ይሰጣል።

በውጭ አገር ለሚኖሩ ቤተሰቦች ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ። "ዓመቱ ስንት ነው?" ሲባሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የመለሱ አረጋዊ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት የተሳሳቱ ይመስላሉ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሲሉም ለፈረንጅ ሐኪም ከሌሊቱ ሦስት ሰዓት ያሉ ሊመስለው ይችላል። ይህን አስቀድመው ያስረዱ። በተቻለ መጠንም ባለሙያ አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ ልጅ ሲያስተረጉም ሳያውቀው የወላጁን መልስ አስተካክሎ ሊያቀርብ ይችላል። በኋላ የተማሩት ቋንቋ ቀድሞ ሊጠፋና ወደ አማርኛ ወይም ወደ ሌላ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ሊመለሱ እንደሚችሉም ይወቁ።

ህክምና

አልዛይመርን ጨምሮ አብዛኞቹን የዲሜንሺያ ዓይነቶች የሚያድን መድኃኒት እስካሁን የለም። ዶኔፔዚል፣ ሪቫስቲግሚን፣ ጋላንታሚን እና ሜማንቲን የሚባሉት መድኃኒቶች ለአንዳንድ ታማሚዎች ምልክቶቹን ለተወሰነ ጊዜ ያለዝባሉ፤ በሽታውን ግን አያቆሙም። በአሜሪካ በ2023 እ.ኤ.አ. ሌካኔማብ፣ በ2024 ደግሞ ዶናኔማብ ለመጀመሪያ ደረጃ አልዛይመር ሙሉ ፈቃድ አግኝተዋል። የበሽታውን ፍጥነት በመጠኑ ይቀንሳሉ፤ ነገር ግን አንጎል ውስጥ እብጠትና መድማት ሊያስከትሉ ስለሚችሉ በተደጋጋሚ ኤምአርአይ ክትትል ይፈልጋሉ። ለሁሉም ታማሚም አይሆኑም።

የሚያረጋጉ የአእምሮ ህመም መድኃኒቶች ዲሜንሺያ ባለባቸው አረጋውያን ላይ የስትሮክና የሞት አደጋን ይጨምራሉ። የሚሰጡት ታማሚው ለራሱ ወይም ለሌላ ሰው አደገኛ ሲሆን ወይም በከባድ ስቃይ ውስጥ ሲሆን፣ በአነስተኛ መጠን፣ ለአጭር ጊዜና በሐኪም ክትትል ነው። "እንዲተኙልን" ብሎ ከፋርማሲ ገዝቶ መስጠት አደገኛ ነው።

ጸሎትና ጸበል ለብዙ ቤተሰቦች የብርታት ምንጭ ናቸው፤ ከህክምና ጋር አብረው ሊሄዱም ይችላሉ። አደጋው ያለው የደም ግፊት፣ የስኳር ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት ሲቋረጥ፣ ታማሚው ለቀናት ሳይበላ ሲቆይ ወይም ሲታሰር ነው።

በቤት ውስጥ የሚደረግ እንክብካቤ

አነጋገር፦ ፊት ለፊት ሆነው፣ በስማቸው ወይም በለመዱት መጠሪያ ጠርተው፣ አጭር ዓረፍተ ነገር ይናገሩ። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁ። "ምን መብላት ይፈልጋሉ?" ከማለት "ፍርፍር ነው ወይስ ገንፎ?" ማለት ይቀላል። "አሁን ነገርኩዎት እኮ!"፣ "አያስታውሱም?" የሚሉት ቃላት ማፈርንና ቁጣን እንጂ ትውስታን አያመጡም።

"ሰረቃችሁኝ" ሲሉ፦ ታማሚዋ መቀነታቸውን ወይም ገንዘባቸውን ደብቀው ቦታውን ይረሱታል፤ ያልተመዘገበውን ነገር አእምሮ በጥርጣሬ ይሞላዋል። ብዙ ጊዜ የሚከሰሱት ቅርብ ያሉት ናቸው፦ ምራት፣ ልጅ ወይም የቤት ሠራተኛ። በዚህ ምክንያት ከሥራ የተባረሩና የተቀያየሙ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። አይከራከሩ፤ "እንፈልገው" ብለው አብረው ይፈልጉ፣ የሚደብቁባቸውን ቦታዎች ይወቁ። ለቤት ሠራተኛዋም ለጎረቤትም የበሽታው ምልክት መሆኑን አስቀድመው ያስረዱ።

ስለ ሞተ ሰው ሲጠይቁ፦ "ወንድሜ ለምን አልመጣም?" ለሚሉ እናት በየቀኑ "ሞቷል" ማለት በየቀኑ አዲስ መርዶ እንደ መርዳት ነው። ኀዘኑን ዳግም ይኖሩታል፤ ምክንያቱን ግን ይረሱታል። "ናፈቀዎት አይደል? ልጅ እያላችሁ እንዴት ነበር?" ብሎ ስሜታቸውን ተቀብሎ ወደ ትዝታቸው መምራት ይሻላል።

መታጠብ፦ እምቢ ካሉ ብርድ፣ መውደቅ ወይም ዕርቃን መታየት አስፈርቷቸው ሊሆን ይችላል። ክፍሉን ያሙቁ፣ ነጠላ ያልብሷቸው፣ በጥቂቱ ይጀምሩ፦ "እማዬ፣ ውሃው ሞቋል፤ እግርሽን ልጠብሽ።" ካልሆነ ትተው ከሰዓት በኋላ ይሞክሩ።

ከቤት መውጣትና መጥፋት፦ ስምና የቤተሰብ ስልክ የተጻፈበት ነገር በልብሳቸው ወይም በአንገታቸው ይኑር። የቅርብ ጊዜ ፎቶ ይኑርዎት። ባለሱቁ፣ ጥበቃው እና ጎረቤት ይወቁ። በየቀኑ ከሰው ጋር የእግር ጉዞ ማድረግ የመውጣት ፍላጎትን ይቀንሳል። ብቻቸውን ቤት ውስጥ መቆለፍ ግን በእሳት ጊዜ ሕይወት ያሳጣል።

ደህንነት፦ ከሰል፣ ቡታጋዝ፣ ሻማ፣ ቢላዋ፣ በረኪና እና መድኃኒት እጃቸው እንዳይደርስበት ያድርጉ። ከሰል በተዘጋ ክፍል አይተዉ። መድኃኒት ሌላ ሰው ቆጥሮ ይስጥ። ወደ መጸዳጃ ቤት በሚወስደው መንገድ ላይ ሌሊት መብራት ይኑር።

ምግብና ውሃ፦ መብላታቸውን ረስተው ደግመው ሊጠይቁ፣ ወይም ጨርሶ ሊተዉት ይችላሉ። ትንሽ ትንሽ ደጋግመው ይስጡ፤ ውሃ ሳይጠይቁ ያቅርቡ። ሲበሉ ቀጥ ብለው ይቀመጡ፤ ትንታ ከበዛ ለሐኪም ይንገሩ። ጾም ለሚጾሙ ታማሚዎች የሃይማኖት አባትን ማማከር ይጠቅማል፤ ለሕመምተኛ ፈቃድ አለና።

ማምሻ ላይ መረበሽ፦ ቀን ብዙ እንዳይተኙ ያድርጉ፤ ጠዋት ፀሐይ ይሙቁ፣ ማታ ቡና ይቀንሱ፣ ሳይጨልም መብራት ያብሩ። ድንገት ከተረበሹ ሕመም፣ ረሃብ፣ የሽንት መያዝ ወይም የሆድ ድርቀት እንዳለ ይመልከቱ፤ መናገር ስለማይችሉ በጠባያቸው ነው የሚገልጹት።

ሥራ ይስጧቸው፦ ምስር መልቀም፣ ልብስ ማጠፍ፣ ጥጥ መፍተል፣ የለመዱትን መዝሙር ወይም መንዙማ ማዳመጥ ያረጋጋቸዋል። ውጤቱ ቢበላሽም ችግር የለውም።

ገንዘብ እና ውክልና

በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ታማሚው አሁንም መወሰን ይችላል። ስለ ቤት፣ ስለ ጡረታ፣ ስለ ባንክ ሒሳብ እና ወደፊት ስለሚፈልገው ህክምና መነጋገር ያለበት በዚህ ጊዜ ነው። ማመዛዘን ካቃተው በኋላ የተፈረመ ውክልና ወይም ኑዛዜ ለክርክር ይጋለጣል። የተሰጠ ውክልናም ታማሚው አቅም ሲያጣ ሊቋረጥ ስለሚችል ከሕግ ባለሙያ ጋር አስቀድመው ይማከሩ።

አስታማሚውን ማን ያስታምም?

በአብዛኛው ቤት ሸክሙ በአንድ ሰው ላይ ይወድቃል፤ ብዙ ጊዜም በሴት ልጅ ወይም በሚስት ላይ። ሌሎች ወንድምና እህቶች ገንዘብ ይልካሉ፤ ሌሊቱን የምትነቃው ግን እሷ ናት። እንቅልፍ ማጣት፣ ማልቀስ፣ በትንሽ ነገር መቆጣት፣ "ምነው በተገላገልኩ" የሚል ሐሳብ መምጣት የድካም ምልክት እንጂ የክፋት አይደለም። ቤተሰቡ በግልጽ ተራ ያውጣ፦ በሳምንት ቢያንስ ሙሉ አንድ ቀን ሌላ ሰው ይተካ። ውጭ ያለ ልጅ በየቀኑ በስልክ ወላጁን ለግማሽ ሰዓት ማጫወት ይችላል። ዕድርተኛና ጎረቤት ለለቅሶ ብቻ ሳይሆን ለዚህም ይጠየቅ። እጅዎ ሊሰነዘር ሲል ክፍሉን ለቀው ይውጡና እርዳታ ይጥሩ። ድብርት ከተሰማዎት እርስዎም ታካሚ ነዎት፤ ወደ ሐኪም ይሂዱ።

መከላከል ይቻላል?

ሙሉ በሙሉ አይደለም። ይሁን እንጂ በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው የላንሴት ኮሚሽን ዘገባ 14 ሊለወጡ የሚችሉ አጋላጭ ነገሮችን ዘርዝሮ፣ እነዚህ ቢወገዱ ወደ 45 በመቶ የሚሆነውን ማስቀረት ወይም ማዘግየት እንደሚቻል ገምቷል። ከእነዚህም መካከል የደም ግፊት፣ ስኳር፣ ከፍተኛ ኮሌስትሮል፣ ሲጋራ፣ አልኮል ማብዛት፣ ውፍረት፣ አለመንቀሳቀስ፣ የጭንቅላት ጉዳት፣ ድብርት፣ ብቸኝነት፣ የአየር ብክለት እና ያልታከመ የመስማትና የማየት ችግር ይገኙበታል። በተለይ ከ40 ዓመት ጀምሮ የደም ግፊትን መለካትና መቆጣጠር ትልቅ ቦታ አለው። ወላጅዎ አልዛይመር ስላለባቸው እርስዎም የግድ ይይዝዎታል ማለት አይደለም፤ በቀጥታ የሚወረሰው ዓይነት በጣም ጥቂት ነው።

መቼ ወደ ህክምና መሄድ ያስፈልጋል?

የመርሳት ምልክቶች ለወራት ከቆዩ ቀጠሮ ይያዙ። የሚከተሉት ሲታዩ ግን በዚያው ቀን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፦

• በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ የመጣ ግራ መጋባት
• የፊት መጣመም፣ የአንድ ጎን መድከም፣ የንግግር መያያዝ
• ከወደቁ በኋላ ራስ ምታት፣ ማስታወክ ወይም ማንቀላፋት
• ትኩሳት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የሽንት መቆም ወይም ማንቀጥቀጥ
• ለአንድ ቀን ምንም አለመጠጣት ወይም መዋጥ አለመቻል
• ራስን ወይም ሌላን ሰው የመጉዳት ሙከራ